በግራ ትከሻ

መጀመሪያ የለካሁት እኔ ነኝ።

ይህን የማነሳው እሱ እስከ ዛሬ ስለሚክድ ነው። ሰው ሲጠይቀው «ወርክሾፔ መጣች፣ ለካኋት፣ በዚያው ቀረች» ይላል። ውሸቱን ነው። እሱ ትከሻዬን ከመለካቱ በፊት እኔ ዓይኖቹን ለክቻለሁ።

የምሠራው መነጽር ቤት ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ጆሮ ላይ የሚንጠለጠለው ክፍል በሽቦ የታሰረ መነጽር አድርጎ ገባ። መስታወቶቹ ከጭረት ብዛት ጉም የለበሱ ይመስላሉ። ጸጉሩ ላይ፣ ቅንድቡ ላይ፣ የሹራቡ አንገት ላይ ሳይቀር የእንጨት ብናኝ አለ። በኋላ እንደሰማሁት የሰፈሩ ሰው በሙሉ «ሰጋቱራ» ነው የሚለው፤ እናቱም ጭምር።

ከደንበኛ ጋር ከሚያስፈልገው በላይ አላወራም። «እዚህ ይቀመጡ» አልኩት።

«እርስዎ አትበይኝ፣ ዶክተር። ያረጀሁ ይመስለኛል።»

«ዶክተር አይደለሁም።»

«ነጭ ለብሰሽ?»

ፊደሎቹ የተጻፉበትን ሰሌዳ አበራሁና ከላይ ወደ ታች እንዲያነብ ጠየቅኩት። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ዓይኖቹ ክር መሰሉ።

«አያጥብቡ» አልኩት።

«አላጠበብኩም።»

«አጥብበዋል። ዓይንዎን ካጠበቡ የምሠራልዎት መነጽር ለጠበበው ዓይን ነው የሚሆነው። ቤትዎ ሲገቡ ዓይንዎ ይከፈታል፤ ያኔ መነጽሩ አይሆንዎትም። እዚህ ማንም ሽልማት አይሰጥዎትም፤ የማይታይዎትን አይታየኝም ይበሉ።»

«ዝምተኛ መስለሽኝ ነበር» አለ።

ዝምተኛ ነኝ። ያን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ በመናገሬ ፊቴ ጋለና ወደ ወረቀቴ አጎነበስኩ። የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነበር። ሰው ሥራውን ከምን ያህል ርቀት እንደሚያይ ለማወቅ ሁልጊዜ እንጠይቃለን።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«እንጨት። ከወንበር እግር እስከ ጠመንጃ ሰደፍ።»

እስክሪብቶዬ ቆመ። «ሰደፍ?»

«የጠመንጃው የእንጨቱ ክፍል፣ ትከሻ ላይ የሚያርፈው...»

«ሰደፍ ምን እንደሆነ አውቃለሁ» አልኩት።

ያኔ ገና በደንብ አየኝ፤ ዓይኑን ሳያጠብ።

*

እቤታችን ሳሎን ግድግዳ ላይ አንድ አሮጌ የኢላማ ጠመንጃ ተሰቅሎ ነው ያደግኩት። አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ ከሥሩ ባለች እጀታ የሚከፈት፣ ብረቱ ለቀኝም ለግራም እጅ የማያዳላ ዕቃ ነው። የአያቴ ነበር ይባላል። ፈቃዱ በአባቴ ስም ነው፤ በጠመንጃው ላይ ቃል ያለው ግን አጎቴ ነው።

በጠመንጃው ላይ ብቻም አይደለም። አጎቴ የአባቴ ታላቅ ነው። እሱ ይናገራል፣ አባዬ «ጋሼ ያለው ይሁን» ይላል፣ ነገሩ ያልቃል። የቤታችን ቀለም፣ የኔ የትምህርት ክፍል፣ የእማዬ ሕክምና ሳይቀር ያለቀው በዚሁ መንገድ ነው። አሁን ደግሞ አዲስ ቤት አስገንብቶ ነበርና፣ ሳሎኑ ተቀብቶ ሲያልቅ ጠመንጃውን ወስዶ ከሶፋው በላይ እንደሚሰቅለው አስታወቀን። «የአባት ዕቃ ከታላቅ ልጅ ጋር ነው የሚያምረው» አለ። አባዬም የሚለውን አለ።

እኔ ግን ልሰቅለው አልነበረም የምፈልገው። ልተኩስበት ነበር።

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የኢላማ ተኩስ ክለብ ገብቼ ነበር። ዝም ማለት እንደ ችሎታ የሚቆጠርበት ስፖርት ሌላ አላገኘሁም። ተመርቄም አልተውኩትም። ችግሬ ግራኝ መሆኔ ነው፤ የክለቡ ጠመንጃዎች ሁሉ ለቀኝ ትከሻ የተቀረጹ ናቸው። በእነሱ ስተኩስ የሌላ ሰው ጫማ አድርጌ የምሮጥ ያህል ነው። ትልቁ ውድድር ሲቃረብ አሰልጣኛችን፣ ድምፅዋ ከጥይቱ የሚበልጥ ሴትዮ፣ «ወይ የሚሆንሽን መሣሪያ አምጪ፣ ወይ ተመልካች ሆነሽ ተቀመጪ» አለችኝ።

አባዬን ለብቻው አግኝቼ ነገርኩት። ሻዩን አማስሎ፣ አማስሎ፣ «ክለቡ መሣሪያ ቤት አስገቢው» አለኝ። «ለጋሼ እኔ እነግረዋለሁ።» እንደማይነግረው ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ካስገባሁት ወዲህ ብረቱ ከክለቡ ቁልፍ ወጥቶ አያውቅም። እንጨቱን ግን መሣሪያ ያዡ ፈትቶ ሰጠኝ። በአሮጌ አንሶላ ጠቅልዬ ወደ ሰጋቱራ ወርክሾፕ ሄድኩ።

*

ወርክሾፑ ከመኪና ጎማ ጠጋኝና ከአንድ ስፌት ቤት መሃል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት። ጣሪያው ላይ የወንበር መደገፊያዎች እንደ ቋንጣ ተንጠልጥለዋል፤ የተልባ ዘይት ይሸታል። ሰጋቱራ አዲሱን መነጽር አድርጎ ነበር፤ መስታወቱ ከወዲሁ ብናኝ ለብሷል።

«በየቀኑ ያጥቡት አላልኩዎትም?»

«በየቀኑ ነው ማየው፣ መታጠብ ሲያምረው ይነግረኛል። ምን ይዘሽልኝ መጣሽ፣ ዶክተር?»

አንሶላውን ፈታሁ።

ወሬው ተቋረጠ። እንጨቱን አነሳው፣ አገላበጠው፣ አሸተተው። አውራ ጣቱን በምላሱ አርሶ ጎኑን አሸት አሸት አደረገ። መብራቱን ዝቅ አድርጎ ብርሃኑ በጎን እንዲመታው አደረገና ለረጅም ጊዜ አየው። እኔም እጆቹን አየሁ። ጥፍሩ ሥር ዘይት ገብቷል፤ ያን የሚያህሉ ጣቶች እንዲያ ቀስ ብለው ይነካሉ ብዬ አልገመትኩም።

«ማነው ይሄን የፋቀው?» አለ።

«ማንም አልፋቀውም። የአያቴ ነው። ከፋብሪካ እንደወጣ ነው።»

«ፋብሪካ? ነይ እስቲ፣ እዚህ ጋ ዳብሺው።»

የብረቱ ቱቦ የሚተኛበት ቦይ ውስጥ ጣቴን ሰደድኩ። ለስላሳ አይደለም፤ ጥቃቅን ደረጃ ደረጃ አለው።

«ማሽን እንዲህ አይቀርጽም። መሮ ነው። የቀረጸው ሰው ትዕግሥት ነበረው፤ ሙያው ግን አልነበረም። እዚች ጋ መሮው አምልጦታል፣ እዚችም። ጥሩ የዋልነት እንጨት ነው። አሁን ጎኑን እይ። ግራው ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። ቀኙ ነጣ ያለ ነው፣ ቫርኒሽም ተቀብቷል። እዚህ ቀኙ ላይ ጉንጭ የሚያርፍበት እብጠት ነበረ። አንድ ሰው ልጎ አጥፍቶታል።»

«በቀኝ በኩል?»

«በቀኝ በኩል። ጉንጩን በቀኝ በኩል የሚያሳርፍ ማነው?»

አውቃለሁ። ከግራ ትከሻው የሚተኩስ ሰው ነው። እኔ ነኝ። ምላሴ ግን አልታዘዝ አለኝ፤ «ምናልባት እንጨቱ ተጎድቶ ይሆናል» አልኩ።

«እሺ፣ ተጎድቶ ይሁን።» ወደ መስኮቱ ወስዶ ሰደፉን ከጫፉ ያዘልኝ። «መርፌ ውስጥ ክር እንደምትከቺ አድርገሽ፣ ባንድ ዓይንሽ ርዝመቱን ተከትለሽ እይ።»

አየሁ። እንጨቱ ቀጥ ያለ አይደለም። ጫፉ ላይ ሲደርስ የጣት ጥፍር ውፍረት ያህል ወደ ግራ ዘንበል ብሏል።

«እብጠቱን ፍቀውታል» አለ ከኋላዬ። «መዝመሙን ግን መፋቅ አይቻልም። ሲጀመር ከግንዱ እንዲህ ሆኖ ነው የወጣው። ይሄ የግራኝ ሰደፍ ነው። አያትሽ ግራኝ ነበሩ?»

ሳሎናችን ውስጥ ካለው ፎቶ ላይ አያቴ ጠመንጃ የደገፉበትን እጅ አስታወስኩ። ቀኝ ነበር። «አልነበሩም» አልኩት። «በቤታችን ግራኝ እኔ ብቻ ነኝ። ከየት እንዳመጣሁት አይታወቅም ይላሉ።»

«እንጨቱ ያውቃል» አለና ዝም አለ። ለእሱ ዝምታ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ያን ቀን ገባኝ።

ማታ ለአባዬ ነገርኩት። ማንኪያው ብርጭቆው ውስጥ ቀጥ አለ።

«እንጨት እንዲሠራ ነው ወይስ ታሪክ እንዲያጠና የሰጠሽው?» አለኝ። አባዬ እንዲህ ዓይነት ንግግር አያውቅም። ወዲያው ራሱም ደነገጠና «እንደፈለግሽ አድርጊው» አለ ቀስ ብሎ። «ብቻ ጋሼ ሳይመጣ ይለቅ።»

*

ልኬቱ የተወሰደው በማግስቱ ነው።

«ጠመንጃ የያዝሽ ይመስል ቁሚ» አለኝ። አንድ ጣውላ እጄ ላይ አስቀመጠና ቀረበኝ። ከክርኔ መታጠፊያ እስከ ጣቴ፣ ከትከሻዬ እስከ ጉንጬ መለካት ነበረበት። ያለ መንካት አይሆንም። ይቅርታ እየጠየቀ ነካኝ። ሽፋሽፍቱ ላይ ያረፈች አንዲት የብናኝ ቅንጣት አየሁ፤ ዓይኔን ከእሷ ማንሳት አቃተኝ። ትንፋሼን ያዝኩ። አንገቴ እንደ ኤሊ ወደ ውስጥ ገባ፣ ትከሻዬ ጆሮዬ ጋ ደረሰ፣ ደረቴ ጠበበ።

«እንዲህ ነው የምትቆሚው?»

«አዎ» አልኩ። እንዲህ አልቆምም።

በእርሳስ ምልክት አደረገ፣ ሞርሳው ላይ አሰረ፣ መጋዙን አነሳ። ድምፁ ጥርሴ ውስጥ ተሰማኝ። ከአያቴ ሰደፍ ጫፍ ሁለት ጣት የሚሆን ቁራጭ ወርክሾፑ ወለል ላይ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ አነሳውና መደርደሪያ ላይ አኖረው። ከዚያ ከአንድ አሮጌ ቁም ሳጥን በር ላይ ዋልነት ቆርጦ፣ በቀኙ ጎን ለጥፎ፣ የጠፋውን እብጠት በሞረድ ያወጣው ጀመር።

ከሥራ እንደወጣሁ በዚያ አልፋለሁ። «እንዴት እየሄደ ነው?» እላለሁ። እሱ ያወራል። ስለ እንጨት ጠባይ፣ ስለ ጎማ ጠጋኙ ሚስት፣ ሦስት ወንበር አሠርታ አራት ነው ያዘዝኩት ስላለችው ሴትዮ። እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ በብርጭቆ ወረቀት ያሻሸውን እንጨት በጣቴ እሞክራለሁ። አንዳንዴ ሁለታችንም ባንድ ጊዜ ዝም እንልና ሞረዱ ብቻ ይሰማል። እቤት ስገባ እማዬ ከቀሚሴ ላይ ሰጋቱራ ታራግፍልኛለች፤ ምንም አትጠይቀኝም፣ ብቻ በየቀኑ ትንሽ ቀስ እያለች ነው የምታራግፈው።

አልቆ ክለብ ይዤው ስሄድ መሣሪያ ያዡ ብረቱን ገጠመልኝ። ትከሻዬ ላይ አነሳሁት። ጉንጬ ልክ ቦታው ላይ አረፈ። አውራ ጣቴ ግን አፍንጫዬን ነካው። ክርኔ የሚገባበት አጣ። እንደ ልጅ መጫወቻ አጥሯል።

አሰልጣኟ መጥታ ዙሪያዬን ዞረች። «የታናሽ እህትሽን ነው እንዴ ያመጣሽው?»

ክለቡ ሳቀ። ታናሽ እህት የለኝም።

*

ከዚያ ወርክሾፑ ድረስ በእግሬ ነው የሄድኩት። እየሄድኩ እንባዬ ይመጣል፣ እመልሰዋለሁ። ገብቼ ሰደፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።

«ለማን ነው የቆረጥከው?»

ቀና አለ። «አንተ አልሽኝ።»

«አትቀልድብኝ! ለማን ነው?»

«ላንቺ ነዋ። ለክቼሽ።»

ጣውላውን ራሴ አነሳሁት። እግሮቼን ተክዬ፣ ክለብ ውስጥ እንደምቆመው ቆምኩ፤ አንገቴን አውጥቼ፣ ትከሻዬን ዝቅ አድርጌ፣ ደረቴን ከፍቼ። ሰጋቱራ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። መለኪያውን አምጥቶ ለካ፣ በእርሳስ ከጻፈው ቁጥር ጋር አስተያየ፣ እንደገና ለካ።

«ያን ቀን የለካሁት ሌላ ሰው ነው» አለ።

ያኔ ንዴቴ ባንዴ ወጣልኝ፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገባኝና። «ያን ቀን አጥብቤ ነበር» አልኩት።

«ካጠበብሽ የሚሠራልሽ ለጠበበው ነው። ማን ነበር እንዲህ ያለኝ?» ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ብዙም አልቆየ። መነጽሩን አወለቀና በሹራቡ ጫፍ ይጠርገው ጀመር። ሲጨነቅ ብቻ ነው የሚጠርገው። «እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ትከሻሽ ጆሮሽ ጋ መድረሱን አይቻለሁ። ራቅ ማለት ነበረብኝ። ራቅ ብል ፈታ ትዪ ነበር። መራቅ ግን አልፈለግኩም።»

ውጭ ጎማ ጠጋኙ መዶሻ ይመታል። ዓይኔን አልሰበርኩም።

ቁራጯን ከመደርደሪያ አወረዳት። «አልጣልኳትም። መልሼ እገጥማታለሁ። መጋዙ የበላውን ያህል በመሃል ስስ ጥቁር እንጨት አስገባለሁ። ይጠነክራል። ግን መስመሩ ይታያል። ቀለም ልቀባውና ልደብቀው?»

«ይታይ» አልኩት።

*

ኮላው በደረቀ ማግስት አጎቴ መጣ።

ሳሎኑ ተቀብቶ ስላለቀ ጠመንጃውን ሊወስድ እቤት ሄዶ፣ ግድግዳው ላይ ሁለት ምስማር ብቻ ነው ያገኘው። እማዬን ጠየቃት፤ አላውቅም አለች። አባዬን ጠየቀው። አባዬ ለታላቁ መዋሸት ስለማይችል እየመራ አመጣው። በሩ ላይ ቆመው ሳያቸው አጎቴ ከፊት፣ አባዬ ከኋላው፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ነበር።

አጎቴ ሰደፉን ጠረጴዛው ላይ አየ። ጥቁሯን መስመር አየ።

«የአባቴን ጠመንጃ በመጋዝ!» ድምፁ ጎማ ጠጋኙን ሥራ አስተወው። ወደ ሰጋቱራ ዞረ። «አንተ ማነህ? የማን ልጅ ነህ?»

«የእናቴ። ይግቡ ጋሼ፣ ወደዚህ ይሁኑ፣ ብናኙ ኮትዎን ያበላሽብዎታል።»

«ከኔ ጋር ትቀልዳለህ?» ከዚያ ወደ እኔ። «ሰው ሁሌ እዚህ በር ላይ እንደሚያይሽ ነግሮኛል። ዝም ያልኩት ልጅቷ አፍ የላትም፣ የትም አትደርስም ብዬ ነው። ይሄ ሰውዬ ምንሽ ነው?»

በሌላ ቀን ቢሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ትከሻዬ ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር ተሰማኝ። አወረድኩት።

«የምወደው ሰው ነው» አልኩ።

ከኋላዬ ሞረድ ከእጅ አምልጦ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

«ምን አልሽ?»

«ጮክ ብዬ ልድገመው?»

አጎቴ አባዬን አየ፤ አባዬ የኮፍያውን ጠርዝ እያሽከረከረ ወለሉን ያያል። «እሱን ለብቻው እናየዋለን» አለ አጎቴ ጥርሱን ነክሶ። «ጠመንጃው ግን የአባቴ ነው። የታላቅ ልጅ ነው። ወደ ተሠራለት እጅ እንዲመለስ አደርጋለሁ።»

«ወደ ተሠራለት እጅማ ተመለሰ» አልኩት። «የግራኝ ነው፣ ጋሼ። አያቴ ግራኝ አልነበሩም። እብጠቱን ያስላገው ሰው ይሄን ያውቃል።»

«ማን ነገረሽ? ይሄ አናጺ?» ሰደፉን ነጥቆ ቀኝ ትከሻው ላይ አነሳው። ጉንጩ የሚያርፍበት አጥቶ ተንጠለጠለ። «ይኸው! አበላሽቶታል! ለማንም አይሆንም!»

ከእጁ ተቀበልኩት። ለምን እንዳደረግኩት አሁንም በቃል ማስረዳት አልችልም፤ ምናልባት ያ ብርጭቆ ውስጥ ቀጥ ያለው ማንኪያ ትዝ ብሎኝ ይሆናል። ለአባዬ ዘረጋሁለት።

«አባዬ፣ አንተስ?»

ኮፍያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሁሉን ነገር እንደሚይዘው በቀኝ እጁ ያዘው። ከዚያ እጆቹ በራሳቸው ቦታ ተለዋወጡ። ሰደፉ ወደ ግራ ትከሻው ወጣ፣ ጉንጩ ሳይፈልግ ቦታውን አገኘ፣ ቀኝ ዓይኑ ተጨፈነ። በመምህርነት የጎበጠው አባቴ በሰጋቱራው መሃል ቀጥ ብሎ ቆመ። እንዲያ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር።

«እብጠቱ ትንሽ ወደ ኋላ ነበር» አለ አባዬ፣ ጉንጩን ሳያነሳ።

«ተው» አለ አጎቴ። ድምፁ ወርዷል።

«የኔ ነበር።» አባዬ ሰደፉን ቀስ ብሎ አወረደ፤ የሚያወራው ለእኔ ነው። «ትምህርት ቤት በግራ እንዳልጽፍ እጄን ያስሩብኝ ነበር። እያለቀስኩ ስገባ አባቴ ምንም አላለም። አንድ ክረምት ሙሉ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ይሄን ቀረጸልኝ። መሮ መያዝ እንኳ አያውቅም ነበር፤ ሁለት ጊዜ ጣቱን ቆርጦታል። ሲሞት...» ወደ ወንድሙ ዞረ። «ሲሞት አንተ አስላግከው። ሰው ሲያየው ምን ይላል አልክ። እኔም ጋሼ ያለው ይሁን አልኩ።»

«ለቤተሰቡ ብዬ ነው! መሳቂያ እንዳትሆን ብዬ ነው!»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። ክፉ አስበህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አሁን ግን አልልም። ጠመንጃው የልጄ ነው።»

አጎቴ የኮቱን እጅጌ አራገፈና በሩ ላይ ደርሶ ዞረ። «ለሠርጓ እንዳትጠሩኝ!»

«ሠርግ አለ እንዴ?» አለ ሰጋቱራ።

አጎቴ ሄደ። አባዬ ወንበር ሳይፈልግ የጣውላ ክምር ላይ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ጉሮሮውን ጠረገና ወደ ሰጋቱራ ቀና አለ።

«ልጄ፣ እብጠቱን ወደ ኋላ መግፋት ይቻላል?»

«ይቻላል፣ አባቴ፤ ትንሽ ቢላግ...»

«አይቻልም» አልኩ። ሁለቱም አዩኝ። «ያኔ ያንተ ጉንጭ ነበር፣ አባዬ። አሁን የኔ ነው። ባለበት ይሁን።»

አባዬ ሳቀ። ድምፅ አውጥቶ ሲስቅ ከሰማሁት ቆይቼ ነበር። ኮፍያውን አደረገና «እኔ ውጭ ሻይ እጠጣለሁ» አለ። «አትቸኩሉ።»

ብቻችንን ስንቀር ሰጋቱራ መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ጀመር። ጠረገ፣ ጠረገ።

«ይሰበራል» አልኩት።

«ለኔ ሳትነግሪኝ ለአጎትሽ ነገርሽው?»

«እሱ ጠየቀኝ። አንተ አልጠየቅከኝም።»

«እኔ ብጠይቅሽ ኖሮ?»

«ትከሻዬ ጆሮዬ ጋ ይደርስ ነበር።»

መነጽሩን አደረገ። አሁንም ቆሻሻ ነው። ከፊቱ ላይ ወሰድኩና በነጠላዬ ጫፍ በደንብ ጠርጌ መልሼ አደረግኩለት። እጄን ሳልመልስ ያዘኝ። ያን ጊዜ አልጠበብኩም።

*

የውድድሩ ቀን አጎቴ አልመጣም። እስካሁንም እቤታችን አልመጣም፤ አባዬ በየሳምንቱ ሄዶ ይጠይቀዋል፣ ሻይ ጠጥተው ስለ አየሩ አውርተው ይለያያሉ። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ሁለቱ ምስማሮች እንዳሉ ናቸው። እማዬ አንዱ ላይ ቀን መቁጠሪያ ሰቅላለች።

ተራዬ ደርሶ መተኮሻው መስመር ላይ ስቆም አባዬና ሰጋቱራ ከመከለያው ኋላ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። ሰጋቱራ ለአንድ ቀን ጸጉሩን ታጥቧል፤ ላላውቀው ምንም አልቀረኝም። አጠገቤ የቆመችው ተወዳዳሪ ሰደፌ ላይ ያለችውን ጥቁር መስመር ስታይ ቆይታ ጠጋ አለችኝ።

«ተሰብሮ ነበር?»

«የለም» አልኳት። «አጥሮ ነበር።»

ከዚያ እግሬን ተከልኩ፣ ትከሻዬን አወረድኩ፣ ጉንጬን አሳረፍኩ።